ባለ ጆንያዋ ሴትዮ

ልጄ ሜሮን ፋርማሲ ትማራለች። ባለፈው ቅዳሜ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ እኔ ድንች ስልጥ እሷ ማስታወሻዋን ጮክ ብላ ታነብ ነበር። "መድኃኒት ደም ውስጥ ሲገባ ከአስኮ ታክሲ እንደተሳፈረ ሰው ነው..."

ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

"ይህን ማን አስተማረሽ?"

"ዶክተር ሰናይት። በዚህ ሴሚስተር ነው የገቡልን።"

ሰናይት ጓደኛዬ ነበረች። ከአስኮ ወደ ፋርማሲ ኮሌጅ የምንመላለሰው አብረን ነበር፤ ክረምት ላይ እርጥብ ጃኬት በሚሸት ታክሲ ውስጥ ከአንድ ወረቀት ቆሎ እየቆረጠምን። ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህራችን፣ "መድኃኒት ከደም ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ምን እንደሚሆን ማንም በሚገባው ቋንቋ አስረዱ። የበለጠው ሲመረቅ እዚሁ አስተማሪ ሆኖ ይቀራል" አሉን።

በዚያ ሰሞን እናቴ ዝናብ አበስብሷት ገባች። ኮልፌ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። "ታክሲ ውስጥ አንዱ ጎረምሳ ገፍትሮኝ ወንበሬን ያዘ። ረዳቱ ደግሞ ጆንያሽ ቦታ ይዟል ብሎ ሳልደርስ አወረደኝ" አለች። አዘንኩላት፤ ሐሳቡም የመጣልኝ ያኔ ነው። ታክሲው ፕሮቲኑ ነው። የተቀመጠ መድኃኒት ከደም ጋር ይዞራል እንጂ ሥራ አይሠራም፤ የሚሠራው የወረደው ነው። ሌላ መድኃኒት ገፍትሮ ወንበሩን ከያዘ ግን ያለጊዜው የሚወርደው ይበዛል፤ ያኔ ፈውሱ መርዝ ይሆናል። መጨረሻ ላይ "ይህች ባለ ጆንያ ሴት እናቴ ናት" ልል አስቤ ነበር።

በማግስቱ ለሰናይት ነገርኳት።

"ወይኔ! ለማንም እንዳታወሪ" አለችኝ።

ክፍል ውስጥ የምናቀርብበት ቀን ሲደርስ በስም ተራ እሷ ቀደመችኝ። "ከአስኮ ታክሲ እንደተሳፈረ ሰው..." ብላ ስትጀምር የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። እስከ ነጭ ሽንኩርቱ ጆንያ ድረስ አንድም አላስቀረችም። ተጨበጨበላት። ተራዬ ሲደርስ "እሱ ሐሳብ የእኔ ነው" ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ።

"አብረን ስለምንሄድ ሳወራ ሰምታኝ ይሆናል" አለች፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እሷ አስተማሪ ሆና ቀረች፤ እኔ ኮልፌ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። ለዓመታት አንገበገበኝ፤ በኋላ ግን የተውኩት መስሎኝ ነበር።

"እማዬ፣ ባለ ጆንያዋ ሴትዮ ግን አታስቅም?" አለች ሜሮን። "ሴትዮዋ ከታክሲ ስትወርድ ዶክተር በተግባር ሲያሳዩን ክፍሉ በሳቅ ነው የሚሞተው።"

"አያትሽ ናት" አልኳት።

ሜሮን ደብተሯን ከደነችው። የአስተማሪነቱ ቦታ ቀርቶብኝም ኖሬያለሁ። እናቴ ግን በየዓመቱ በማያውቋት ልጆች ፊት ከታክሲ እየወረደች ሲሳቅባት መኖሯን አላወቅሁም ነበር።