የሁለት ሳምንት እንቅልፍ

አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በዚያ ጫፍ፣ አንዱ በዚህ ጫፍ ይቆማል፤ ያራግፋሉ፣ ይወጥራሉ፣ ከዚያ ተጠጋግተው ጫፍ ለጫፍ ያጋጥማሉ። ለእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላ እያጠበች የምትተኩሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ካውያ» የሚላት ሴት፣ ሌላኛውን ጫፍ የምትይዝላት አንድ ልጇ ነበረች። ልጅቷ ኮሌጅ ከገባች ግን ሦስት ዓመት ሆናት።

ዘንድሮ ክረምቱን ልታርፍ ስትመጣ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሌላ ከተማ ያለ የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ክረምቱን እዚያ እንድትሠራ ተቀብሏታል፤ እስከ ዓርብ መምጣት አለመምጣቷን ማሳወቅ አለባት። ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞ አለፈ፣ ልጅቷ ትንፍሽ አላለችም። ሐሙስ ጠዋት እናትየዋ ካውያውን በቁሙ አስቀመጠችና፣

«ታዲያ መቼ ነው የምትሄጂው?» አለቻት።

«አልሄድም፣ እማ። እዚሁ ላግዝሽ።»

እትዬ ካውያም ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠችው በዚሁ ቃል ነበር፤ «እናቴን ላግዝ» ብላ። ላግዝ እንዳለች ቀረች። ማንንም አትወቅስም፤ ያለፈ አለፈ። ቃሉን ከልጇ አፍ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ማን አግዢኝ አለሽ?»

«አንድ እጅ አያጨበጭብም፣ እማ። ይሄን ሁሉ አንሶላ ብቻሽን?»

«ቆይ ላሳይሽ!»

በሩን ተደግፋ ወሬ ስትለቅም የነበረችው ጎረቤት ልብስ ሰፊ ሳይጠሯት ገባች። ውድድር ሆነ፤ ልጅቷና ልብስ ሰፊዋ አብረው አሥር አንሶላ፣ እናትየዋ ብቻዋን አሥር። እትዬ ካውያ ልጇ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ግድግዳው ላይ፣ በትከሻዋ ልክ፣ ሁለት መቆንጠጫ በምስማር አስመትታለች። የአንሶላውን ሁለት ማዕዘን እዚያ ታስነክሳለች፣ ወደ ኋላ ሄዳ ትወጥራለች፣ ተመልሳ ታጋጥማለች።

«ይሄ ግድግዳ ከእኔ ይልቅ ይታዘዝልሻል ማለት ነው፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አይለፈልፍም ደግሞ!»

ሁለቱ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ እያጠፉ አንሶላውን እንደ ገመድ ገመዱት።

«የተማረ ሰው ግራና ቀኙን አያውቅም እንዴ?»

«እማ፣ እሷ ናት የጎተተችኝ!»

እነሱ ሰባተኛው ላይ ሲታገሉ፣ እትዬ ካውያ አሥረኛዋን መደርደሪያው ላይ አኑራ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ትመለከታቸው ነበር።

«አየሽ? ለሥራ አልፈልግሽም። ሂጂ» አለች። ናፍቆቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ግድግዳ ላይ በምስማር አይመቱትም። ግን ያን አልተናገረችም።

ልጅቷ የተገመደው አንሶላ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ «ወይኔ፣ መኪናዬን ሳላጠፋ ነው የመጣሁት» ብላ ሹልክ አለች። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ምኑ እንደሚጠፋ እሷ ናት የምታውቀው።

«ላግዝሽ ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አለች ልጅቷ። «ደክሞኛል፣ እማ። ዓመቱን ሙሉ ፈተና በፈተና ላይ። መተኛት ነው የምፈልገው። ደከመኝ ማለት ደግሞ አንቺ ፊት ያሳፍራል። አንቺ መቼ ደክሞሽ ያውቃል?»

እትዬ ካውያ ሳቋ አመለጣት። መቼስ ያልደከማት ቀን አለና! አፍ አውጥታ የተናገረችው ቀን እንደሌለ ግን አሁን ገና ገባት።

«ስንት ቀን ብትተኚ ይበቃሻል?»

«እኔ እንጃ… ሁለት ሳምንት?»

«እንግዲያው ደውዪና ሁለት ሳምንት ስጡኝ በያቸው።»

«እንቢ ቢሉስ?»

«ትሄጂና እዚያ ትተኛለሻ!»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠራርጋ ደወለች። የላቦራቶሪው ኃላፊ እሱም እረፍት ሊወጣ ኖሯል፤ «እንዲያውም ገላገልሽኝ፣ አብረን እንጀምራለን» አላት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ልጅቷ ገና አልነቃችም። እናትየዋ ብቅ እያለች አየቻት፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በመጨረሻ ካውያውን ነቀለች፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ ጫማዋን አወለቀች።

«ፈቀቅ በይልኝ እስቲ።»

ልጅቷ ሳትነቃ ፈቀቅ አለችላት።