ሚስቴን «ናፍቀሽናል» ያላት ስልክ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ነው። የማልረሳው፣ ልጆች ድሬ የልጅ ልጅ ባየሁበት ዕድሜ ቅናት ይይዘኛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ነው።

ባለቤቴ ዘሀራ እናቷን ለማስታመም አርዲቦ ሄዳ ከሁለት ወር በላይ ቆይታ መመለሷ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ እንደወጣች፣ ቻርጅ ላይ የነበረው ስልኳ ጮኸ። ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ስለሆንኩ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም።

«ውድ ዘሀራ፣ ከጠፋሽ ሁለት ወር አለፈ። በጣም ናፍቀሽናል። ለአንቺ ብቻ ያስቀመጥነው…» ይላል። የቀረው አይታይም። ስልኩን የምትከፍትበትን ቁጥር ደግሞ አላውቅም።

አዑዙ ቢላህ አልኩ። መጥፋቷን የሚያውቅ ማን ነው? «ናፍቀሽናል» ማለቱስ፣ ስንት ናቸው? ልጆቼን በስልክ ነገር ስገሥጽ የኖርኩ ሰው እናታቸውን ምን ብዬ ልጠይቅ? ቁጥሩን ገልብጬ ከደጅ ወጥቼ ደወልኩ። የወጣት ወንድ ድምፅ አነሳ።

«የት ነህ?» አልኩት።

«ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት። አለሁ፣ ይምጡ።»

ድፍረቱ አንገበገበኝ። ከዘራዬን ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከፈታኋት በኋላ ለልጆቼ የምናገረውን ሳይቀር መንገድ ላይ አሰብኩ።

ያገኘሁት በአባያና በሻርፕ የተሞላ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ጀማል የሚባል፣ ከሳውዲ የተመለሰ ልጅ ነው። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቁን ዋጠ።

«አብሽር ጋሼ። እኔ አልጻፍኩም፣ ስልኩ ራሱ ነው የሚልከው። እኔ ደንቡን ብቻ ነው ያወጣሁት። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ የገዛች ደንበኛ ሁለት ወር ከጠፋች በስሟ ቅናሽ ይሄድላታል።»

«ሳታቋርጥ የምትመጣዋስ?»

«እሷማ ትመጣለች። ቅናሽ ምን ያደርግላታል?»

ይህ ፍትሕ አይደለም አልኩት። ታማኙን ትቶ የጠፋውን መሸለም ሰው ያበላሻል። ቢያንስ ባል ያላቸውን ከደንቡ አውጣ ስለው፣ «ባል ያላቸውን ካወጣሁ ማን ይቀረኛል?» አለኝ።

ካፈርኩ አይቀር አንድ ሻርፕ በቅናሹ ልውሰድላት አልኩ።

«ቅናሹ በርሷ ስልክ ነው ጋሼ። እርስዎ ገዝተው ስለማያውቁ ደንቡ አያስገባዎትም።»

እልህ ይዞኝ በሙሉ ዋጋ ገዛሁ።

ለዘሀራ ሁሉንም ስነግራት ሻርፑን እያገላበጠች ብዙ ሳቀች። ከዚያ ሻርፑን አጥፋ አስቀመጠች።

«ሱቁ እንኳ መጥፋቴን አወቀ» አለች። «አንተ በበር ስገባ ያልከኝ ‹ላሚቱ ወተት ቀንሳለች› ነው።»

እውነቷን ነው። ያን ሁለት ወር ብቻዬን ስቀመጥ እህል አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ተናግረን አላደግንም። ልጆቼን ስመክር ቃል አያጥረኝም፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ልብስ ነጋዴ ቀደመኝ። ደንቡ ልክ አይደለም፣ ዛሬም አልቀበለውም። ጀማልም ጨዋ ልጅ ነው። ሆኖም በሱቁ በር ሳልፍ ሰላምታዬ ይቀዘቅዛል። እስካሁን እቀናበታለሁ።