ለመዘምራን የተሳልኩት አቡጀዲ

አፌና የስፌት መኪናዬ አንድ ናቸው፤ አንዴ ከተነሱ አይቆሙም። ልጄ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ካገኘች ለደብራችን መዘምራን አዲስ ልብስ ሰፍቼ አስገባለሁ ብዬ ስሳልም ከፈጣሪ ቀጥሎ የማኅበሬ ሴቶች በሙሉ ሰሙ። ልጄ ሥራውን አገኘች። እኔም ያለችኝን ጥሪት አሟጥጬ ነጭ አቡጀዲ በጣቃ ገዛሁና ሳጥኔ ላይ አስቀመጥኩት። በንግሡ ቀን የስለት አስገቢዎች ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። አልዋሽም፣ ከስፌቱ ይልቅ የምጠብቀው እሱን ነበር።

ንግሡ አራት ቀን ሲቀረው፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ጥላ በምትፈልግበት በዚያ የቀትር ሐሩር፣ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። ሙስሊም ናት፤ አንድ አጥር ተጋርተን ሃያ ዓመት ኖረናል። አልጋ ይዛ የቆየችው እናቷ አርፋለች።

«ወላሂ እህቴ፣ ከፈን የሚሆን ጨርቅ አጣን። ወንድሜ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን መጣ። ከዐስር ሶላት በፊት መቅበር አለብን። አንቺ ጋ ነጭ አይጠፋም ብዬ ነው።»

የስለት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳይ ግን መልሼ ዘጋሁት። መቀሴን አነሳሁና ባለችኝ ልክ ቆረጥኩላት። የተረፈው ለሁለት ልጅ እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ለቅሶ ደርሼ እስክመለስ ደህና ነበርኩ። ቤቴ ስገባ ፍርሃት ያዘኝ። ለታቦት የተሰጠ ነገር እንዴት ይነካል? ልጄ ማሽን ላይ ነው የምትውለው፤ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? እህል አልወርድ አለኝ። በማግስቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መዘምራኑ የሚለብሱት የላቸውም?» አሉኝ።

«የአምናው አለ፣ አባቴ።»

«ሟቿስ ነበራት?»

«አልነበራትም» አልኩ።

«ታርዤ አልብሳችሁኛል ያለውን ስንት ዓመት አነበብንልሽ? ስለትሽ ደርሷል፤ ሂጂ በሰላም እህል ብዪ።» ከዚያ ጠንቅቀው ያውቁኛልና ፈገግ አሉ። «ብቻ ቀኝሽ የሰጠውን ግራሽ አትስማ። ይሄኛውን ለሰፈር እንዳታወሪ፤ ንስሐሽ ይኸው ነው።»

ከደጁ ስወጣ ብቻዬን ጮክ ብዬ እፎይ አልኩ። ቤቴ እስክደርስ እንባና ሳቅ እየተፈራረቁብኝ ሄድኩ። የተቀመጠውን ሽሮ ሳላሞቅ በላሁት።

በንግሡ ቀን ጃንጥላ ያስገባ ተጠራ፣ ምንጣፍ ያስገባ ተጠራ። የኔ ስም የለም። የማኅበሬ ሴቶች ዘወር እያሉ አዩኝ። ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ፤ ከባድ ንስሐ ነበር። መዘምራኑ በአምናው ልብስ ወጡ። ያደጉት ልጆች ቁርጭምጭሚታቸው ይታያል፤ ድምፃቸው ግን ምንም አልጎደለውም።

ታቦቱ ሲመለስ በሰፈራችን አለፈ። ጎረቤቴ ሐዘኗ ገና ሳይወጣላት በራፏ ላይ ቆማ ለሚያልፈው ሕዝብ ቀዝቃዛ ውሃ ታድላለች። ስታየኝ እጄን ያዘችኝ።

«ያ ጨርቅ የቤተ ክርስቲያን ነበር አሉኝ። አቦ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትወስጂው ነበር?»

«አልወስድም ነበር» አለች።

«በይ እንግዲህ ውሃ ስጪኝ፣ ጠምቶኛል።»

ኩባያውን ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።