ከቡላ የደበቅኩት መርዶ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት በጠጧን ነው። ቡላ ጥንቸሌ ጠዋት ጠዋት ሽምብራ የሚያካክል፣ ክብ ክብ ትጥል ነበር። የዚያን ቀን ሳጥኗን ስጠርግ ምስር የሚያህሉ አራት ደረቅ ፍሬዎች ብቻ አገኘሁ። ካሮቷም እንደተቀመጠ ነው። ሙቀቱ ይሆናል ብዬ ውኃዋን ለወጥኩ። ጥንቸል ያላችሁ፣ ይህን የማወራላችሁ እኔ ያጠፋሁትን እንዳታጠፉ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነው። ቡላ ዳማ የሚባል ወንድ ጥንቸል ጓደኛ ነበራት። ሁለቱንም የተዉልኝ በመጨረሻ የሠራሁላቸው ፈረንጆች ናቸው፣ አገራቸው ሲገቡ። በስደት ከልጄ ከሰናይት ጋር በምንኖርበት፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤት አራት ዓመት ተደጋግፈው ተኙ። ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ በነፈሰበት ሳምንት መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ። ቀትር ላይ ዳማ ሞተ። ቡላ መታጠቢያ ቤቱ ሰድር ላይ ተዘርግታ ነበር። አላየችም።

እኔ ቶሎ ብዬ በነጠላዬ ጠቀለልኩት። የሰናይት ባል ግርማ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከከተማ ውጭ ወዳለው ፔካ 12 ሲወጣ ቅበርልኝ ብዬ አስያዝኩት። "እትዬ፣ ድንኳኑን የት ልትከለው?" ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ሳጥኑን በበረኪና አጠብኩ፣ ምንጣፉን ጣልኩ። እኛ መርዶ በድንገት አንናገርም፤ ዘመድ ተማክሮ፣ ማልዶ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው። እስከዚያው ይደበቃል። ለጥንቸሏም እንዲሁ አዘንኩላት።

እሷ ግን ፈለገችው። ሳጥኑን ዞረች። አልጋ ስር ገባች፣ ወጣች። በኋለኛ እግሯ ወለሉን መታች። በማግስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በሦስተኛው ቀን ጥርሷን ታፋጭ ጀመር። ጆሮዋ ቀዘቀዘ። በጠጥ የለም።

በዘንቢል ይዣት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያ ስለተማረ አማርኛ ይናገራል። ሆዷን ዳሰሰ፣ በማዳመጫው አዳመጠ።

"ስታዝ ይባላል፣ እማማ። አንጀቷ ቆሟል። እንዲህ ከቆየች ትሞታለች።"

የዳማን መሞት ስነግረው፣ ሬሳውን አይታ እንደሆነ ጠየቀኝ። ደበቅኩት አልኩ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ።

"እሷ እኮ አሁንም እየጠበቀችው ነው።"

እኔም ጠብቄ አውቃለሁ። እናቴ ስትሞት እዚሁ ከተማ ሰው ቤት ነበርኩ። ሰባት ወር ደበቁኝ። ትንሽ አሟት ነው ይሉኛል። ለሞተች ሴት የጉልበት ቅባት ላክሁ።

ሐኪሙ ከቆዳዋ ስር ሴረም የሚሉትን ፈሳሽ ሰጣት፣ የሕመም ማስታገሻ ወጋት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ የተፈጨ ሣር በውኃ አቅጥኜ በአፏ ጎን በየሦስት ሰዓቱ እንድሰጣት አሳየኝ። ሲሸኘኝ የዳማ ሽታ ያለበት ነገር ካለ አስጠጊላት አለኝ። ምን ተረፈ? ሁሉን በበረኪና አጥቤው።

ቤት ስገባ ግርማ ተመልሷል። ነጠላውን አብረህ ቀበርከው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መሬት መሬት አየ።

"ይቅርታ እትዬ፣ የእርስዎ ነጠላ ለጥንቸል መገነዣ ሲሆን አላስቻለኝም። በጆንያ ነው የቀበርኩት።"

ነጠላው ሳይታጠብ ከመኪናው ወንበር ስር ነበር። አመጣው። አጠገቧ ዘረጋሁት።

አሸተተች። ጫፉን ላሰች። ቆመች። ደግማ አሸተተች። ተኛችበት።

ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ዳማ ሞቷል፣ ቡላዬ" አልኳት። በሩ ላይ ቆማ የምታየን ሰናይት ፊቷን መለሰች።

ያን ቀን ምንም አልመጣም። በማግስቱ ከሰዓት አንዲት በጠጥ፣ ከምስር የምታንስ። ሰናይትን ጠርቼ አሳየኋት።

ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ከሲሪንጁ በራሷ ፈቃድ እየላሰች፣ ቀጥሎም ግርማ ከመንገድ የሚያመጣላትን ድርቆሽ ከጫፉ እየቆነጠረች፣ በሁለተኛው ሳምንት ሳጥኗን ዙሪያውን መዞር ቻለች። ያዳናት መድኃኒቱ ይሁን ነጠላው አላውቅም፤ ሐኪሙም አላውቅም አለኝ። የድሮዋ ቡላ ግን አልሆነችም። አሁንም ስትተኛ የዳማን ቦታ ባዶ ትታ ነው።

ሐኪሙን እግዜር ይስጠው። ግርማንም፣ ስላልታዘዘኝ። እናንተ ደግሞ ጥንቸል ግማሽ ቀን እህል እምቢ ካለች ነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ውሰዷት። ከሁለት አንዱ ሲሞት ሬሳውን ከሌላው አታሽሹ፤ ያሽትተው፣ ይሰናበተው፣ በቃኝ ብሎ እስኪለየው ጠብቁ። እኔም ሰናይትን አስምያታለሁ፤ ከአገር ቤት ክፉ ስልክ ከተደወለ፣ ማለዳ ሳትጠብቅ፣ ሰው ሳትሰበስብ፣ ያኔውኑ ትነግረኛለች።