አልጋ የማይገዛው ተከራያችን

የምሠራበት ሆቴል ሺፍቴን ቆራርጦ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሲያስቀርልኝ፣ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ካለው ቤታችን ትርፏን ክፍል አከራየን። ቤቱ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። የመጣልን የካናዳ ልጅ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ፊቱ ግን ገና የልጅ። ትልቁ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ አውርዶ እዚህ ላስ ቬጋስ ልኮታል። ከመውረዱ በፊት በትልቁ ቡድን ከተማ የዓመት ኪራይ ፈርሞ ስለነበር ግማሽ ደሞዙን ባዶ ቤት ይበላዋል። እኛ ጋ ያለው ንብረት ሁለት ቦርሳና መሬት ላይ የጣላት ስስ ፍራሽ ናት።

"አልጋ ግዛ እንጂ!" ስለው፣ "ነገ ሊጠሩኝ ይችላሉ" ይለኛል። ወይ ነገ! ስንት ነገ አለፈ።

የወሎ ልጅ ነኝ፤ እንግዳ መሬት ተኝቶ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል? እናቴማ "ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?" ትላለች። ስለዚህ ለጨዋታ ሌላ ከተማ ሲሄድ ጠብቀን፣ ቻይናታውን አካባቢ ያገለገለ አልጋ ገዝተን አነጠፍንለት። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎን አያውቅም።

ሲመለስ ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አመሰገነን፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል። ለካ በሆኪ ተጫዋቾች ዘንድ፣ ታችኛው ሊግ ሆኖ አልጋ የገዛ እዚያው ይቀራል ይባላል። ኩም አልኩ። ለእናቴ ስነግራት፣ "በሉ አልጋው የኔ ነው፤ ፍራሹን መልሱለት" ብላ ወደ ክፍሏ አስወሰደችው።

ረመዳን ገባ። ሳይጾም አብሮን ያፈጥራል። እንደውም አዛን ሳይል ሳምቡሳው ላይ እጁን ሲሰድ እናቴ መታ ታደርገዋለች። ዛሬ ሺፍቴ ሞልቶልኛል፣ ኦቨርታይምም አለ፤ እነዚያ ምሽቶች ግን እንዴት እንደሚናፍቁኝ!

አንድ ቀን ሾርባው ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። ትልቁ ቡድን ጠራው! እናቴን ብድግ አድርጎ አቀፋት፤ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። "ከፍ ያድርግህ፣ ዝቅ አያድርግህ" ብላ መረቀችው። እንዳስተማርነው "አሚን" አለና ሄደ። ፍራሿን ጋራዥ አስገባኋት። ቤቱ ጭር አለ፤ ሳምቡሳውም የሚበላው ጠፋ።

ዒድ ሊደርስ ሲል በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው፣ ከነሁለት ቦርሳው። አንድ ጨዋታ እንኳን ሳያስገቡት መልሰውታል። ፈገግ ለማለት ታገለና ቀስ ብሎ "ያ አልጋ አለ?" አለኝ።

ስንት ጊዜ የለመንኩት ነገር ነበር! ለእናቴ ተረጎምኩላት። ክፍሏ ገብታ አልጋው ላይ ወጣችና በጠራራ ፀሐይ ተጋደመች።

"የለም፤ የእማዬ ነው" አልኩት። "አንተ ነገ ትጠራለህ።"

ከዚያም ጋራዥ ገብቼ ፍራሿን አወጣሁና፣ ለእንግዳዬ በገዛ እጄ መሬት ላይ አነጠፍኩለት።