አባቴ እንግሊዝኛ የተማሩበት በጋ

ባለፈው ሰሞን ይፋግ ገበያ ወርጄ፣ አንድ አንጥረኛ ወናፉን እያናፋ ነሐስ ሲያቀልጥ በአጠገቡ አለፍሁ። የከሰሉና የጋለው ነሐስ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ እዚያው ተተከለ። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ምን ነካዎት?» ስትለኝ ልቤ በልጅነቴ ዕንቁላል እሸጥበት ከነበረው ከጋፋት ኮረብታ ደርሶ ነበር።

ያኔ ንጉሡ ደብረ ታቦር ተቀምጠው፣ መድፍ የሚሠሩላቸውን የፈረንጅ ባለ እጆች ጋፋት አስፍረዋቸው ነበር። የእኛ መንደር ከጋፋት የሚለየው በአንድ ወንዝ ነው። አባቴ መሪጌታ እንግዳ የደብራችን የቅኔ መምህር ነበሩ። እኔ ደግሞ እናቴ የሞላችልኝን ቅርጫት ይዤ ወንዙን እሻገራለሁ። ዕንቁላሌን የምትገዛኝ ከእንግሊዝ አገር የመጣ የአንድ ባለ እጅ ሚስት ናት፤ እመት ሐና እንላታለን። ገና ልጅ እግር ስለነበረች አንቺ እያልሁ ነበር የማጫውታት።

የመጀመሪያው ዕለት ከቅርጫቴ አንዱን አንስታ «ኤግ» አለችኝ። እግሬን ያለች መስሎኝ ጭቃ የለበሰውን እግሬን ከቀሚሴ ሥር ሸሸግሁት። ስትደሰት «ጉድ! ጉድ!» ትላለች፤ እኔም ምን ጉድ መጣ ብዬ ዙሪያዬን እገላምጣለሁ። መንገድ አላፊውን ሰውዬ አሳይታኝ «ማን» ስትለኝ ስሙን የጠየቀችኝ እየመሰለኝ «እኔ ምን አውቄ» እላታለሁ። እንዲህ እየተሳሳቅን፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ሰላምታውን፣ እባክሽንና አመሰግናለሁን፣ የጓዳውን ዕቃ ስም ሁሉ ለመድሁት። የመንደራችን ልጆች «እስቲ በፈረንጅ ስደቢን» እያሉ ያስቸግሩኛል፤ እመት ሐና ስድብ ስላላስተማረችኝ ዓይኔን አፍጥጬ «ጉድ ሞርኒንግ!» እልባቸዋለሁ፤ እነርሱም ክፉኛ የተሰደቡ መስሏቸው ይበተናሉ።

በዚያው በጋ የደብራችን ደወል ከተሰቀለበት ግንድ ወድቆ ተሰነጠቀ። ድምፁ የነቃ ገንቦ መሰለ። ከወንዝ ማዶ ያሉት ገበሬዎች ቅዳሴ መግባቱን መስማት ስላልቻሉ፣ ወይ ሌሊት መጥተው በብርድ ይቆራመዳሉ፣ ወይ ሥርዓተ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ይደርሳሉ። ካህናቱ ተሰብስበው የእመት ሐና ባል አቅልጦ እንደገና ያፍስስልን አሉ። እርሱ ግን ከብረትና ከእሳት በቀር ከማንም ጋር ስለማይጫወት አማርኛ አልገባውም፤ አስተርጓሚውም ከንጉሡ ጋር ዘምቷል። እኔ ልናገርላችሁ ብል፣ ቄሰ ገበዙ «የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በሴት ልጅ አፍ አይነገርም» ብለው ዘጉት።

በማግሥቱ አባቴ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከጓሯችን ወይራ ሥር ጠሩኝ። እኔን ፊደል እንኳ ያላስቆጠሩኝ አባቴ፣ ነጠላቸውን አደግድገው እንደ ደቀ መዝሙር ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጡና፣ «በይ ማንጠግቦሽ፣ አስተምሪኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራትና ፍርሃት እስከ ዛሬ ልለየው አልቻልሁም።

ተማሪነታቸው ግን አበሳ ነበር። እንደ ግእዝ ግስ ሁሉን ከየእርባታ ቤቱ ካላስገቡ አይረኩም።

«ይህ ‹ካም› ያልሽኝ ከቀተለ ቤት ነው ከቀደሰ?»

«እኔ እንጃ አባባ፤ ሰው ስትጠራ ነው የምትለው።»

«ቤት የሌለው ግስ የት ያድራል?» ብለው ይተክዛሉ።

ቃሉ አልያዝ ሲላቸው በዜማ ያደርጉታል፤ «ፕሊስ»ን እንደ ሃሌታ እየሳቡ ከማሕሌት ሲመለሱ ያንጎራጉራሉ። ይህ ነው ጣጣ ያመጣባቸው። ቄሰ ገበዙ ሰምተው መሪጌታ ከፈረንጆቹ የጸረ ማርያም ሃይማኖት ገቡ አሉ፤ ወሬው በአንድ እሑድ ሰንበቴውን ሁሉ አዳረሰ። ጥቂት ተማሪዎች አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። አባቴም በደጀ ሰላም ቆመው፣ «ደወሉን ጭናችሁ ተከተሉኝ። የተማርሁት ለደብሩ ካልጠቀመ ወንበሬን ለሌላ ስጡ» አሉ።

ካህናቱ ደወሉን በበቅሎ ጭነው ወንዙን ተሻገሩ። እኔም ቅርጫቴን ይዤ ከኋላ ነበርሁ። አባቴ ከእቶኑ ፊት ቆመው «ጉድ ሞርኒንግ» ሲሉ፣ ካህናቱ ጉድ የሚለውን ሰምተው አማተቡ። ፈረንጁ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ ግን አባቴ ቃሉ ጠፋባቸው። ሹክ ልላቸው እችል ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ከእኔ አፍ እንዲወጣ አልፈለግሁም፤ ከንፈሬን ነክሼ ቆምሁ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ መታ አደረጉና በዜማ አወጡት፦ «ፕሊስ… ቤል… ብሮክን… ሜክ ጉድ።»

ፈረንጁ መዶሻውን አስቀመጠ፤ እጁን በሽርጡ ጠርጎ መጣና ደወሉን በጣቱ ቆርቁሮ አዳመጠ። ከዚያም ፈገግ ብሎ «የስ» አለ። አባቴ ወደ ካህናቱ ዞረው፣ «እሺ ብሏል፤ አውርዱት» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ግን አልተዋቸውም። «ለመሆኑ ይህን ከማን ተማሩት?» አሉ።

ባለ ቅኔ የመምህሩን ስም ሲጠራ እንደሚያደርገው አባቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። «እኔ የልጄ የማንጠግቦሽ ተማሪ ነኝ» አሉ። ካህናቱ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ደወሉ ለኅዳር ጽዮን ደረሰ። ሲደወል ከማዶ ያሉት ገበሬዎች ከየደጃቸው ወጥተው እልል አሉ። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ሦስተኛውን ደወል እኔ ካልደወልሁ ብለው ገመዱን ከዲያቆኑ ተቀበሉ። በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ ደግሞ አባቴ ከዚያው ወይራ ሥር አስቀምጠው ሀ ሁ አሉኝ።

ንጉሡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉንም ፈረንጆቹንም ይዘው ወደ መቅደላ ሄዱ። እመት ሐና በበቅሎ ተቀምጣ ስታልፍ ከሩቅ አየኋት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እርሷ የነገረኝ የለም። ጋፋት ዛሬ ገብስ ይዘራበታል። አባቴ ካረፉ ዘመን ሆነ። እንግሊዝኛውም መላሽ ሲያጣ ከአፌ እየረገፈ ሄደ፤ የማንኪያ ስም ምን ነበር ብዬ ሳስብ አድሬ አላገኘውም። ዳዊቴን ግን እደግማለሁ፤ ሴቶች ልጆቼንም ሁሉ ፊደል በእጄ አስቆጥሬአቸዋለሁ፤ በየተዳሩበት አገር በየቤታቸው ያነባሉ።