ንቦቹ መዝገብ ቤት የገቡ ዕለት

የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ ባልደረቦቿ በፊቷ «እትዬ»፣ ዞር ስትል ደግሞ «ምን ይገርማል» ይሏታል። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፤ አልከፋትም። ሠላሳ ዓመት በፋይልና በአቧራ መሀል ስትኖር፣ ከአንገት በላይ እንደሚያደንቅ ሰው የምትንቀው አልነበረም።

ጸሐፊዋ ስልኳን ይዛ ትመጣለች። «እትዬ፣ ይቺን ፏፏቴ ይዩልኝማ! አታስለቅስም?»

«ጠዋት በድመት አለቀስሽ፣ ቅድም በጀንበር አለቀስሽ። እንባሽ የቧንቧ ነው እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁማ የባሰበት ነበር። አንዴ ተራራ ወጥቶ ከመጣ ወዲህ፣ ስብሰባ የሚከፍተው «አናቱ ላይ ስቆም ትንሽነቴ ተሰማኝ» እያለ ነው። «እሱን ለማወቅ ምን ተራራ አስወጣህ?» ትላለች በሆዷ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ጨለመ። የንብ መንጋ እንደ ጎርፍ ገብቶ ከላይኛው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። ሠራተኛው ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ፤ መንገዱን ተሻግሮም ስልኩን ደቀነ። እሷ ቀረች። ጀግና ሆና አይደለም፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ቶሎ መነሣት አትችልም።

ተቀምጣ አየች። አንዷ የሌላዋን እግር ይዛለች፣ ያቺም የሌላዋን፤ ሺህ ሆነው እንደ አንድ ገላ ይተነፍሳሉ። አለቃ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። ጥቂቶቹ ወጥተው ይመለሱና በእኅቶቻቸው ጀርባ ላይ እየተወዛወዙ ያዩትን ይናገራሉ። አንዷ እጇ ላይ አርፋ፣ ተራምዳ፣ ሄደች። የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

በሩ ተንኳኳ። ሥራ አስኪያጁ መድኃኒት የሚረጭ ሰው አስከትሎ መጥቷል።

«እትዬ፣ ይውጡ! ይነድፉዎታል!»

«እዚህ ቤት እስከ ዛሬ የነደፈኝ ሰው ብቻ ነው። ሰውዬውን ከነመርጫው ይመልሱት።»

«ትእዛዝ ነው!»

«በደብዳቤ ያድርጉትና መዝገብ ቁጥር እሰጠዋለሁ።» እየተንፏቀቀች ሄዳ በሩን ቆለፈችው።

እነሱ ሲጨቃጨቁ፣ ቀትር ሳይሆን መንጋው በአንድ ጊዜ ተፈታና በመስኮቱ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ለተፈጥሮ ካለን ክብር የተነሣ በትዕግሥት ጠበቅናቸው» አለ። ተጨበጨበለት። እሷ እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

ማታ ለእኅቷ ደወለች።

«ዛሬ ቢሮ ንብ ገባ።»

«ውይ! ነደፈሽ?»

«አልነደፈኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አንዷ የሌላዋን እግር ይዛ...» ብላ ጀመረችና ድምፅዋ የጸሐፊዋን መሰላት። «ተዪው» ብላ ዘጋች። በራሷ ተናደደች። በሰው አድናቆት ስታሾፍ ኖራ፣ ለራሷ አንዲት ቃል እንኳ አላስተረፈችም።

በማግሥቱ ማንም ሳይገባ፣ ጉልበቷን እየረገመች መሰላል ወጣች። መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የምታህል፣ ገና የተጀመረች ነጭ ሰም ተለጥፋለች። ቀዳዳዎቿ ልክ በልክ ናቸው።

የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ገባች። «እትዬ፣ ምን ቆሻሻ ነው እሱ? ላንሣው?»

«እንዳትነኪው» አለቻት፤ ከመሰላሉም አልወረደችም።